ከባሕር ወደ ወጥ ቤት ስለተዛወረው ወንድሜ

ለተከበሩ የሠራዊታችን የታሪክ መጽሐፍ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ጉልበትዎም እንደ መጽሐፍዎ ጥራዝ የጠበቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

መጽሐፉን እዚህ ጎዞ ደሴት ድረስ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እንግሊዞች ከወጡ በኋላ ሠራዊታችን እንዴት እንደተዋቀረ፣ የትኛው ሻለቃ ለማን እንደሚታዘዝ፣ የባሕር ጓዱ ስንት የጥበቃ ጀልባ ይዞ እንደተነሣ በሥርዓት ተምሬበታለሁ። ሠንጠረዦቹ ያምራሉ። ገጽ ስልሳ አራት ላይ ወንድሜን አገኘሁት። ስለዚህ ጥቂት ነገር ላስታውስዎ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ወንድሜ ካርሜኑ ፋሩጃ በጥር 1987፣ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ በበረታበት ቀን፣ ከጥበቃ ጀልባው ላይ ሆኖ ሞተሩ ለቆመ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ገመድ ሲያስር በሁለቱ ጀልባዎች መካከል ተጨፍልቆ ሞተ። ዓሣ አጥማጆቹ ሁለቱም ተረፉ። አስከሬኑን በካልሲው ለየሁት፤ እናቴ የሠራችው ግራጫ ካልሲ ነበር። በመጽሐፍዎ ግን ወንድሜ ሁለት ሰው አድኖ፣ በመጋቢት ወደ ወጥ ቤት ተዛውሮ፣ በ2004 በክብር ጡረታ ወጥቷል። ስለ ጨመሩለት አሥራ ሰባት ዓመታት ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኛ ቤት አንዳቸውም አልደረሱም።

ሁለተኛ፤ በመቅድሙ «ለሥራው ክብር ሲባል ቅጽል ስሞች ተሰርዘዋል» ብለዋል። ክቡርነትዎ የዚህ ደሴት ልጅ ነዎትና፣ በመንደራችን «ካርሜኑ ፋሩጃ» ብሎ የሚጣራ ሰው፣ ስሙ የብዙዎች ነውና፣ መንገደኛውን ሁሉ ዘወር እንደሚያሰኝ ያውቃሉ። ቄሱ ቀብር ሲያስታውቁ፣ ፖስተኛው ደብዳቤ ሲያድል፣ የቤቱን ቅጽል ሳይጨምሩ አያልፉም። የድሮው የሠራዊቱ መዝገብም በእርሳስ ይጨምር ነበር፤ ወንድሜን «የጨው ቤት»፣ ወጥ ሠሪውን ካርሜኑ ፋሩጃን «የጥንቸል ቤት» ይላቸው ነበር። ኮሚቴዎ ጨውንና ጥንቸሉን ሲሰርዝ ከሁለቱ አንድ ሰው ቀረ። የቀረው በሕይወት ያለው ነው።

ወጥ ሠሪውም መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ቤታችን መጣ። አልቀመጥም አለ። «ጁዲታ፣ እህቴ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሽንኩርት ስከትፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መዋኘት እንኳ አልችልም እኮ። አሁን የልጅ ልጆቼ እንዴት እንዳዳንካቸው ንገረን ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ሦስተኛ፤ የፊታችን እሁድ በሥራ ላይ ለሞቱት የሚመረቀው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ስሙ የለም፤ ጡረተኛ በሥራ ላይ አይሞትምና። ዋና ከተማው ቫሌታ ያለው ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ እጅግ ትሁት ናቸው። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት አንድ ካርሜኑ ናቸው፤ እሳቸውም በሕይወት አሉ። ደስ አይልዎትም እንዴ?» አሉኝ። በጀልባ ስመለስ ደስ ይለኝ እንደሆነ አሰብኩ። ውኃው ጸጥ ያለ ነበር።

እናቴ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሙን በጣቷ ለመዳሰስ ነው እሁድን የምትጠብቀው። ድንጋይ ቀራጩን ጠይቄዋለሁ፤ ከታች የአንድ መስመር ቦታ አለ፣ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ የቀረው የክቡርነትዎ ፊርማ ብቻ ነው።

በመዋቅር ሠንጠረዥዎ በየትኛውም ሣጥን ያልተጻፍኩ፣ ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ዝቅ ብዬ ይቅርታ የምጠይቅ፣

ጁዲታ ፋሩጃ፣ የጨው ቤት
(ከሌሎች ጁዲታዎች ጋር እንዳልደባለቅብዎ ብዬ ነው።)

ማስታወሻ፦ ለአቶ ካርሜኑ ፋሩጃ የላኩት የእሁዱ በዓል ጥሪ ይህን ደብዳቤ ከጨረስኩ በኋላ በስሕተት ወደ እኛ ቤት መጣ። ሜዳሊያቸውን አድርገው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንዲገኙ ይላል። እናቴ ማኅተሙን አይታ ልጇ እንደሚመጣ አመነች። የወንድሜን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ወንበር ላይ ዘርግታለች፤ ከየት በኩል እንደሚመጣ ትጠይቀኛለች። ታሪኩን የጻፉት እርስዎ ነዎትና፣ መልሱን ለእሷ ቢልኩላት።