ሰኞ ሰኞ የሚታተመው ፊት

ለመታወቂያና መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 4

ጉዳዩ፦ በፎቶ ክፍሉ ያለው የቀለም ማተሚያ ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት እንዲጸዳልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች፣ በጽሕፈት ቤትዎ የፎቶ ክፍል ትሠራ የነበረችውና ባለፈው ክረምት በሞት የተለየችን ሠራተኛ ታላቅ እህት ነኝ። ክፍሉ ማተሚያዋን ከአገልግሎት ሊያስወጣ መወሰኑን ስለሰማሁ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ ባውቅም ይህን አቤቱታ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1. እህቴ ለማተሚያው የነበራትን ጥንቃቄ ባልደረቦቿ ይመሰክራሉ። ቀለም የሚረጭ ማሽን ሥራ ሲፈታ ቀዳዳዎቹ ይደርቃሉ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት አንድ ባለቀለም ገጽ በራሱ እንዲያትም አድርጋ አስተካክላው ነበር። ለገጹ የመረጠችው የራሷን ፎቶ ነው። ከቀለሞቹ አንዱ ሲጎድል ቶሎ የሚያሳብቀው የሰው ፊት ነው ትል ነበር። ወረቀቱን ማታ ይዛ ስትገባ እናታችን "ደግሞ መጣሽ? አሁን የት ልስቀልሽ?" እያለች ግድግዳ ላይ ትለጥፋት ነበር።

2. ከቀብሯ በኋላ በነበረው ሰኞም ገጹ ወጣ። በሚቀጥለውም ወጣ። ትይዩዋ ትቀመጥ የነበረችው ባልደረባዋ "የሟች ፊት ቅርጫት ውስጥ አልጥልም" ብላ ታመጣልን ጀመር። ሠራተኞቹ ቢፈሩ አልፈርድባቸውም፤ እኔም እፈራለሁ። አንድ ጊዜ ራሴ ሄጄ ስቀበል ወረቀቱ ገና እርጥብ ነበር። ጣቴ ላይ የቀረውን ቀለም ለመታጠብ አልደፈርኩም።

3. የተጓደለው ጽዳቱ ነው። ማተሚያው አሁን የሚጠፋው በራሱ ማጥፊያ ሳይሆን ሶኬቱ ተነቅሎ ነው። እንዲህ ሲደረግ የቀለም መርጫው ወደ መክደኛው ሳይመለስ እንደተከፈተ ይከርማል። የተሞላለትም ቀለም የማይስማማው ነው አሉ። መጀመሪያ ቀዩ ጎደለና ፊቷ አረንጓዴ መሰለ። ቀጥሎ ግንባሯንና ጉንጯን ነጫጭ መስመር ቆራረጠው።

4. እናታችን እርጅና ተጫጭኗታል። ልጇ መሞቷን አንዳንድ ቀን ታውቃለች፤ ሰኞ ግን ፈጽሞ አታውቅም። ወረቀቱን መስኮት ሥር ይዛ "ምነው ልጄ እንዲህ ገረጣችብኝ? ሐኪም አሳይታለች?" ትለኛለች። "ፊቷን ማን ሸነታተረው?" ብላ ጎረቤት እስኪሰማ የጮኸችበት ቀን አለ። ወረቀቱን ብደብቃት ደግሞ እስኪመሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ባለፈው ሰኞ የመጣው ገጽ ላይ ከአንድ ዓይኗ በቀር የሚለይ ነገር አልነበረም። እናቴ ወረቀቱን ትራስ ላይ አስተኝታ፣ ውሃ አጠገቡ አስቀምጣ ስታስታምም አደረች። እኔ እህቴን አንዴ ቀብሬያለሁ፤ ክቡር ሆይ፣ በየሰኞው ስትሞት ማየቱን ግን አልቻልኩትም።

5. ማተሚያው ለዘላለም ይሥራልኝ አልልም፤ መነሳቱንም አልቃወምም። የምለምነው ከመነሳቱ በፊት ባለሙያ ቀዳዳዎቹን እንዲያጸዳ፣ ትክክለኛው የቀለም ካርትሪጅ እንዲገባለትና ፊቷ እንደ ደህናው ጊዜ ጠርቶ አንድ ገጽ እንዲወጣ ነው። ምናልባት ከአንድ ጊዜ በላይ ማጽዳት ያስፈልግ ይሆናል፤ እባክዎ ሠራተኞቹ አይሰልቹብኝ።

ያ ገጽ በሚወጣበት ሰኞ እናቴን ይዤ ስመጣ እስከ ፎቶ ክፍሉ ድረስ እንድንገባ ለጥበቃ ሠራተኞች ትእዛዝ ይስጡልኝ። ወረቀቱን ራሷ ከማሽኑ ትቀበል፤ ልጇን ስማ እስክትጠግብም ማንም አያስቸኩላት። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ታጠፋዋለች፤ እጇን ይዤ ማጥፊያውን አሳያታለሁ። እህቴ ሆስፒታል ውስጥ ስታርፍ እናቴ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር፤ አላስገቧትም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

አመልካች፣ የሟች ታላቅ እህት
(ፊርማ)