ቀድሞ የተገዛው ጃንጥላ

ልጄ ሊድያ፣ ለክሪኬት ውድድር በሄድሽበት ዱባይም ኪዳነምህረት ትጠብቅሽ። ጎረቤታችን እትዬ ፅጌ ከጉልበታቸው ኦፕሬሽን በኋላ በከዘራ መራመድ ጀምረዋል፤ ልጃቸውም ከምትኖርበት ከቶራንስ ከተማ እየተመላለሰች ታስታምማቸዋለች።

በተወረወረልሽ በመጀመሪያው ኳስ ከጨዋታ ስለወጣሽ ክሪኬቱን ልተው ማለትሽን ስነግራቸው፣ "ደግ አደረገች! ዱላዋን ትጣልና ነርሲንግ ትማር" አሉኝ። "እርስዎስ እግርዎን የምታሠራዎትን ቴራፒስት እየተሳደቡም ቢሆን ይነሱ የለ?" ስላቸው ሳቁ።

ቅዳሜ እንደገና ሜዳ እንድትገቢ ለኪዳነምህረት ጃንጥላ ተስያለሁ። ማሸነፉን አልጠየቅኩም። እትዬ ፅጌ "ስለቱ ሳይሰምር ይገዛል እንዴ?" ብለው ቢቆጡም፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ ከሐበሻ ሱቅ ገዝቼዋለሁ፤ ሳሎን መሃል ቆሟል።

እባክሽ የኔ ልጅ፣ አሰልጣኝሽ ስምሽን ስትጠራ አቤት በይ። እኔም እሁድ ጃንጥላውን ይዤ ቤተክርስቲያን ልግባ። ኪዳነምህረት እጅሽን ታበርታልሽ።

እናትሽ እየሩስ