ሽማግሌውን ያለበስሁት ጋቢ

ይድረስ ኮሪያ ለዘመትኸው ለልጄ ለእንየው፤ ባሕር የማያግደው የአምላክ ሰላም ካለህበት ያግኝህ። እኔም ፈረስህም ደህና ነን። በየገበያው ቀን ዳንግላ እየወረድሁ ደብዳቤ እጠይቃለሁ።

እሑድ የሰንበቴ ተራዬ ነበር። ዳቦና ጠላውን ጎረቤታችን ሽታዬ አዘጋጀችልኝ፤ ነዳያኑ ጠግበው መረቁን። አንድ ሽማግሌ ግን በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሽታዬ፣ «አያ ገበየሁ፣ የእንየውን ጋቢ ይስጡታ፤ ተሰቅሎ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

የእናትህን ልብስ በአርባዋ ለድሃ ያደልሁት እኔው ነኝ። ያንተን ግን እጄ እምቢ አለ።

«ባለቤቱ ይመጣል!» ብዬ ጮኽሁባት። የራሴን አውልቄ ሽማግሌውን አለበስሁት። ሰዉ ቸርነቴን አደነቀ፤ እግዚአብሔር ግን ልቤን ያውቃል።

አንዲት መስመር ትበቃኛለች፤ ብቻ በገዛ እጅህ የጻፍሃት ትሁን። እመቤቴ ማርያም በጥላዋ ትጋርድህ።

አባትህ ገበየሁ፣ ከዘንገና