«በሞቴ» የማይባልበት ማሳ

ረቡዕ፣ ግንቦት 5 ቀን 1973 ዓ.ም.

ወንድሜ ዛሬም አልበላም። ባለቤቴ የሻረግ ዶሮ ሠርታ ነበር። ወንድሜ ይባቤ እንጀራውን በጣቱ ፈረፈረ፣ አንዷን ፍርፋሪ ከከንፈሩ አድርሶ መለሳት፣ የቀረውን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ። ያላየሁት መሰለው። ኋላ ውሻው ደጅ ላይ ሲልሰው አየሁ።

እናታችን በግራው፣ የሻረግ በቀኙ ተቀምጠዋል። አንዷ ስትጠቀልል ሌላዋ ትምላለች። «በሞቴ!» «አፈር ስሆንልህ!» «እቺን ብቻ!» እሱ አፉን እንደ ስልቻ አስሮ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ከምን እንደጠገበ አንድዬ ይወቅ።

ቤተ ልሔም የአብነት ትምህርት ቤት ድጓ ሲማር ሁዳዴን ሙሉ እንደ መነኩሴ ጾመ። ሰው ጻድቅ አለው። ፋሲካ መጣ፣ ሃምሳው ቀን ገባ። በሃምሳው ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ቄሱም ገበሬውም ያውቃል። እሱ ግን አልፈታም። የኔታ ራሳቸው ሰው አስከትለው ወደዚህ ወደ ንፋስ መውጫ ላኩልኝ። «ጾም ቅበላም መፍቻም አለው። የዚህ ልጅ መፍቻው ጠፋብኝ። ሥጋ ሳይለብስ እንዳትመልሰው፤ እዚህ ከቆየ የምቀብረው እኔ ነኝ» ነው መልእክታቸው።

ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ። ሳንባውም ሆዱም ደህና ነው። «ይብላ» አሉኝ። እሱንማ እናቴም ትለዋለች።

ከሰዓት በኋላ መጋዘን ስገባ፣ እህል የምንመዝንበት ባስኩላ ላይ ጫማውን አውልቆ ቆሞ አገኘሁት። አንገቱን ደፍቶ ቁጥሩን ያያል። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። በንግድ ዘመኔ ሚዛን ሲቀንስበት ደስ የሚለው ባለ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ባስኩላውን ሸራ አልብሼ መጋዘኑን ቆለፍኩ።

ሳስበው አደርኩ። ከመጣ ጀምሮ በገዛ እጁ ሲበላ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ማክሰኞ በቅሎዎቹን ውኃ አጠጥቶ ከወንዝ ሲመለስ፣ ማንም የለም ብሎ ከኪሱ ቆሎ ቃመ። መሶብ ፊት አይደለም፤ ሜዳ ላይ ነው። ማንም ሳይምልለት ነው። እንግዲህ ሸቀጡ የሚሸጥበት ገበያ ይህ ከሆነ ወደዚያው መውሰድ ነው። ለንግድ ወደ ቆላው ስማዳ ልወርድ አስቤ ነበር፤ ይዤው እወርዳለሁ።

እናቴ አለቀሰች። «ለአሞራ ልትሰጠው ነው?»

ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ ይባቤን ከላይ እስከ ታች አየውና «ይኼን እንኳ ለሚሊሺያም አንፈልገው» ብሎ ሳቀ። ማኅተሙን መታልኝ። ከክሳቱ አንድ ጥቅም ተገኘ።

ጭነት፦ ጨው፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ። ስመለስ ማርና ቆዳ። ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። አንድ ደንብ ለራሴ፦ ብላ አልለውም።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ደጋው ላይ ጉም ነበር፤ የጅብራ ዛፎቹ ዘብ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ይወድቅብኛል ብዬ የዳማዋን በቅሎ ጅራት አስያዝኩት። ቁልቁለቱ ሲጀምር ለቀቃት። ወይራው መጣ፣ ሙቀቱ መጣ፣ ጋቢውን አውልቆ በራሱ ላይ ጠመጠመ።

ምንጭ ዳር በሶ በቅል በጠበጥኩ። የኔን በላሁ። የሱን ድርሻ በቅሉ ትቼ ጭነት ላጠብቅ ዞርኩ። ያልላላ ጭነት ነበር፤ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ስመለስ ከዳር ዳሩ ትንሽ ጎድሏል። አይጥ የነካው ይመስላል። ግን አይጥ አልነበረም።

ገደሉ አፋፍ ላይ ዜማ አንጎራጎረ። ማዶው ተቀበለው። ደነገጠና ቆመ፣ ከዚያ ደገመው። ድምፁን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8፣ ወገዳ

ገበያው ጥሩ ነበር። ማታው ግን ተበላሸ።

ያደርነው ደንበኛዬ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ነው። «ወንድሜ ነው፣ የቤተ ልሔም ተማሪ» አልኳቸው። ይህንን ባልል ይሻል ነበር። «ኧረ ይኼ የባሕታዊ መልክ ነው! ልጄ፣ ጸሎትህ ትድረሰን!» ብለው ጉልበቱን ሳሙ። ጎረቤትም ጠሩ። ይባቤ ቀና አለ፤ ያ ባስኩላ ላይ ያየሁት ደስታ ፊቱ ላይ ተመለሰ። ወዲያው ደግሞ ክንድ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው «በአባቴ ሞት!» አሉት። እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረም። ዋጠ።

አጥር ኋላ አገኘሁት። ወደ ላይ ብሎት፣ በእጁ አፈር እየጫረ ይሸፍናል። ወገቡን ይዤ አነሣሁት። ከአንድ ቁና ገብስ አይከብድም።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ከቅዳሴ መልስ ወንዝ ወርደን ሾላ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሳልጠይቀው ተናገረ።

«አያ፣ መጀመሪያ ለእግዜር ነበር። ኋላ ሰው ሲያከብረኝ ጣመኝ። ኋላ ሁለቱም ቀርቶ ክንዴን በጣቴ መለካት ብቻ ሆነ። ጣቶቼ ከገጠሙ ቀኑ ጥሩ ነው። አሁን ልብላ ብል ጉሮሮዬ አይታዘዘኝም። ሁሉም አፌን ያያል።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ማን ያየኛል? ዝንጀሮ?»

እውነትም ማዶ ካለው ሾላ ላይ ዝንጀሮዎቹ ፍሬ ይለቅማሉ። አንዱ ሽማግሌ ጉንጩን ሞልቶ ትኩር ብሎ አየን። ይባቤ ሳቀ። «ይኼ ደግሞ በሞቴ ሊለኝ ነው» አለ። ከሥራችን የወደቀውን ሾላ አነሣ፣ ከፈተ፣ ትሉን እፍ ብሎ በላው። ሌላ አነሣ። እኔ የውኃውን ፍሰት ሳይ ቆየሁ። እንደዚያ አድርጌ ውኃ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ስንመለስ ከዳገቱ መካከል የድሮ ወዳጄ አያ ገበየሁ ዘንድ አረፍን። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ መሬቱ ለስልሷል። ልጁ ዘምቶበት ብቻውን ያርሳል፣ ወገቡን ይዞታል። ይባቤን አየው።

«ዲያቆን፣ እርፍ መያዝ ትችላለህ? ወይስ እርፉ ይይዝሃል?»

«ልጅ ሳለሁ አርሻለሁ።»

«እንግዲያው ያዝ። በሬዎቹ ይዘውህ ከሄዱ ግን ተከትዬ አልሮጥም።»

ያዘ። የመጀመሪያው ትልም እንደ እባብ ተጣመመ። አያ ገበየሁ «እዚህ ላይ የዘራሁት ገብስ ሲበቅል ሰክሮ ነው የሚበቅለው» አለ። ይባቤ አፈረ፣ ግን አልለቀቀም። ሁለተኛው ትልም ትንሽ ተቃና። የተገለበጠው አፈር ሸተተኝ። ወፎቹ ከኋላው እየተከተሉ ትል ይለቅማሉ።

ባለቤቱ ቂጣና አይብ ማሳው ድረስ ይዛ መጣች። አስቀምጣ ሄደች። አያ ገበየሁ ድርሻ ድርሻችንን ቆርሶ ድንበሩ ላይ አኖረና ወደ ራሱ ምግብ ዞረ። ገበሬ ምሳው ላይ አይለማመጥም፤ ዝናብ አይጠብቀውም። ይባቤ ቂጣውን በእጁ ያገላብጣል።

«ካልፈለግህ ለቡሬ ስጠው፤ እሱ አይግደረደርም» አለው፣ ዞሮም ሳያየው።

ይባቤ ቆርሶ ለበሬው ሰጠ። ቡሬ በምላሱ ጠቅልሎ ወሰደና ድገመኝ ብሎ አንገቱን አሰገገ። ይባቤ የቀረውን ከበሬው ሸሽቶ በላው። ሁሉንም። ሰማዩን እያየሁ ስለ ደመናው አወራሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ዛሬ መንገድ ላይ መሆን ነበረብኝ። ቆየሁ። ይባቤ ከኔ ቀድሞ ተነሥቶ በሬ ጠምዷል።

ጠዋት ትንሽ በሶ። ምሳ ግማሹን፤ የቀረውን ቡሬ። ወደ ላይ አላለውም። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ክንዱ ሄደች። ግን መዳፉ በእርፍ ውኃ ቋጥሯል፤ ጣቶቹን መግጠም አልቻለም። ሞከረ፣ አመመው። መዳፉን ገልብጦ አየና «እይ አያ፣ የሰው እጅ ሆነ» አለኝ።

ነገ ሚካኤል ነው፣ አይታረስም። እንነሣለን።

ዓርብ፣ ግንቦት 14፣ ቤት

ትናንት ገባን። ዛሬ ከምሳ በፊት እናቴንና የሻረግን ለብቻ ጠርቼ ነገርኳቸው። በዚህ መሶብ ላይ መማል የለም፣ ማጉረስ የለም፣ አፉን ማየት የለም።

«የወለድኩትን ሳላጎርስ?» አለች እናቴ።

«ወልደሽዋል እማዬ። አሁን ደግሞ ተይው።»

ምሳ ቀረበ። ከግማሽ እንጀራ ትንሽ አለፈ። በቀስታ። እናቴ የነጠላዋን ጥለት ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እሱ እጁን ሲሰበስብ አፏ ተከፈተ፤ አየኋት፤ ዘጋችው። በመጨረሻ «ዝናቡስ ታች ደህና ነው?» አለች። «ደህና ነው እማዬ» አላትና ስለ ቡሬ አወራት። ሳቀች። እንባዋም አብሮ መጣ።

ኋላ መጋዘን ቆዳ ስለይ መጣ። ልከለክለው አልፈለግሁም። ሸራ የለበሰውን ባስኩላ አየ። የተሸከመውን የበቅሎ ኮርቻ ከትከሻው አውርዶ እላዩ ላይ ጫነበት።

«አያ።»

«ወይ።»

«የሰኔ ጾም ሲገባ እዚህ አታስቀምጠኝ። ጾሙ ይጠራኛል። እንዳልጾም የንስሐ አባቴን ላስፈቅድና አያ ገበየሁ ዘንድ ልሁን። እዚያ በሞቴ የሚል የለም። ጻድቅ ነህ የሚለኝም የለም።»

ድኗል ብዬ አልጽፍም። ክንዱ አሁንም ቀጭን ነው፣ ጾሙ የሚገባበት ጰራቅሊጦስም ቅርብ ነው። ግን መንገዱን ራሱ ጠየቀኝ።

«እሺ። ዳማዋን እጭንልሃለሁ» አልኩት።

«አይሆንም። በእግሬ ነው የምሄደው» አለ። «በእግሬ ስሄድ ይርበኛል።»