የጠጄ ገልና የጓሯችን ኩሬ

ይድረስ ለእህቴ ለእስከዳር ምንተስኖት፣ ሐዋሳ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? በብርድ ጊዜ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ሞቃት አገር ገብተሽ ተሻለሽ ወይስ ተከትሎሽ መጣ? ልጅሽ ህሊናስ፣ ሳሏ ለቀቃት? ባለቤትሽ ናሁሰናይስ ደኅና ነው ወይ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። እማማ ወገባቸውን ቢያማቸውም በምርኩዝ እስከ ኩሬው ይወጣሉ። ገብሱም በደኅና ተሰብስቧል፤ ዘንድሮ ውርጭ በጊዜው አልወረደም።

የውርጩን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። በስልክ፣ አምስቱን ዓሣዎች ውርጭ ገደላቸው ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው፤ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያም የባሰ ነገር አድርጌአለሁ። ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በግ ገበያ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ የዕለት ማስታወሻ ደብተሬን ከፊቴ ዘርግቼ፣ የሆነውን እንደሆነው እጽፍልሻለሁ።

ሰባቱን ቀያይና ነጫጭ ዓሣዎች ከምትሠሪበት ሆቴል ኩሬ በጀሪካን ያመጣሻቸው፣ እማማ ከግቢ መውጣት ካቆሙ ወዲህ የሚያዩት ነገር ይኑራቸው ብለሽ ነበር። ጓሮውን ቆፍረን ጥቁር ፕላስቲክ ስናነጥፍ፣ በግ ነጋዴው ዓሣ አርቢ ሆነ ተብሎ የተሳቀብኝን አትረሺውም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግን ውኃው አረንጓዴ ሆነ፤ ቆይቶም ሸተተ። እማማ ቂጣ እየቆረሱ ሲወረውሩላቸው ይውላሉ። ውኃውን የሚያበላሸው የተረፈው ምግብ ነው፣ ይተዉ ብላቸው፣ አንተ በቀን ሦስቴ እየበላህ እነሱን ጦም ልታሳድር ነው አሉኝ።

ያዳነችን የልጅነት ጓደኛሽ ጠጄ ናት። ድስቷንና ምጣዷን ይዛ ወደ ገበያ ስታልፍ ኩሬውን አየችና አፍንጫዋን ይዛ፣ እምሩ፣ ይሄ ዓሣ የምታረባበት ነው ወይስ ቆዳ የምትዘፈዝፍበት ብላ ሳቀችብኝ። በማግሥቱ እሳት ላይ የተሰነጠቁባትን ሸክላዎች ሰባብራ ሁለት ጆንያ ገል በአህያ ጭና መጣች። ገል ውኃ ይጠጣል፣ እድፍም ይይዛል አለችኝ። አንቺ በስልክ እንደነገርሽኝ አንድ ባዶ በርሜል በስተታች በሳሁ፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ ገሉን ሞላሁበት። አንዲት ትንሽ ፓምፕ የኩሬውን ውኃ ወደ በርሜሉ ትገፋለች፤ ውኃው በገሉ መሐል አልፎ ተመልሶ ይወርዳል። የቧንቧውን ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በክፍት ዕቃ አሳድሬ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እለውጥ ጀመር። ገሉ የሚያሟልጭ ነገር ሲይዝ፣ ውኃውን የሚያጠራው እሱ ነውና አትጠበው ብለሽኝ ስለነበር አልነካሁትም። በአምስተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋ፤ የዓሣዎቹም ጀርባ ታየ።

ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ! ኅዳር ሃያ አንድ የጽዮን ማኅበር የእኛ ቤት ተራ ነበር። የውኃው ጥራት ለዓሣዎቹ በቂ ነበር፤ ለእኔ ግን አልበቃኝም። እንግዶቹ የፕላስቲኩን መጋጠሚያ ሳይቀር እንዲያዩት ፈለግሁ። የበግ ፀጉር ነጋዴ አይደለሁ? ፀጉር ደቃቁን እድፍ ይይዝልኛል ብዬ ከመጋዘን አንድ ዕቅፍ አንስቼ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቄ ከገሉ በላይ ጎዘጎዝኩት። በማኅበሩ ዕለት ኩሬው ውኃ ያለበት አይመስልም ነበር። ጠጄም ገሏ የሠራውን ልታይ መጥታ ዳሩ ላይ ቆመችና፣ እሰይ፣ እንዴት ያምራሉ አለች። በማግሥቱ ጠዋት አምስቱን ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንሳፍፈው አገኘናቸው።

ባለቤቴ ጌታነሽ፣ ትናንት ማን ቆሞ እንዳደነቃቸው ረሳችሁት አለች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ አላስፈለጋትምም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል የሚለው ክፉ ወሬ እዚህ እንዴት እንደኖረ አንቺም ታውቂዋለሽ። እስከ ቀትር ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

ከሰዓት በኋላ በርሜሉን ከፈትኩ። ፀጉሩ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ደብተሬን ብገልጥ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፦ «ኅዳር 17። ከቀየት፣ ከበግ አርቢው ከጫኔ አራት ጆንያ ነጭ ፀጉር። በጎቹ ለእከክና ለመዥገር መድኃኒት ከተነከሩ ሳምንታቸው ነው፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።» አላሰጣሁትም። መጻፌንም ረስቼ ዓሣ ያለበት ውኃ ላይ ጎዘጎዝኩት።

ያኔውኑ ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ያንኑ ፀጉር ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩት ሰዎች ላስረክብ ቃል ገብቻለሁ፤ መርዝ አለበት ከተባለ የሚነካው እንደማይኖር አሰብኩ። ደግሞ አልዋሸሁም፣ ዝም አልኩ እንጂ አልኩ ለራሴ። በሳምንቱ ጠጄ በገበያ ስታልፍ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሲሸፍኑ አየሁ። በሁለተኛው ሳምንት ድስቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቦታዋ ባዶ ሆነ፤ ዘመሮ ከተማ እህቷ ዘንድ ገብታለች አሉኝ። የእነዚያን ቀናት ደብተሬን ሳገላብጥ የገብስና የበግ ወሬ ብቻ ነው፤ የእሷ ስም የለም።

ታኅሣሥ አሥራ አምስት ዘመሮ ሄጄ ጭቃ ስታቦካ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ሳትታጠብ ሰማችኝ። ቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ቀሩት ሁለት ዓሣዎች ነበር፤ በሕይወት እንዳሉ ነገርኳት። ገሉ መድኃኒቱን ጠጥቷል፤ አጥበህ እንዳትመልሰው፣ ቅበረው አለችኝ። ወደ አገርሽ ተመለሺ ብላት፣ እምሩ፣ ዓይኔ እንዳልገደላቸውማ እኔ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ፤ የማውቀውን ልትነግረኝ ይህን ሁሉ መንገድ መጣህ፤ ሂድና ለማያውቁት ንገር ብላ ወደ ጭቃዋ ዞረች።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ማኅበሩ በወልደ ጻድቅ ቤት ነበር። ከጸሎት በኋላ ተነስቼ የደብተሬን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ወልደ ጻድቅ፣ ለምስኪን ብለህ በራስህ ላይ መመስከርህ የደግ ሰው ሥራ ነው አለኝ። አላመኑኝም፣ እስክዬ። በማግሥቱ ብናገር የሚያምኑኝ ሰዎች፣ ከወር በኋላ ደግ አድርገው ቆጠሩኝ። ደብተሩን ባሳያቸው፣ ራስህ የጻፍከው አይደል ወይ አሉኝ። አንዷማ፣ ዘመሮ ሄዶ እሷን ካገኘ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው ስትል በጆሮዬ ሰማኋት።

ያመነችኝ ጌታነሽ ናት፤ አልቅሳ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እማማ ደግሞ፣ ስሟን ያጠፋኸው በማኅበር ነው እንዴ? በገበያ አይደለም ወይ አሉኝ። ስለዚህ ባለፈው ገበያ ያልተፈተለውን ፀጉር ሁሉ ሰብስቤ፣ ምክንያቱን ጮክ ብዬ ተናግሬ በሰው ፊት አቃጠልኩት። ነጋዴ ዕቃውን ሲያቃጥል ሁሉም ቆሞ ያያል፤ አንዳንዶቹ አመኑ፣ አንዳንዶቹ አበደ አሉ። የጠጄን ቦታ ግን የፕላስቲክ ሳፋ ሻጭ ይዞታል።

እንግዲህ ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ። ደውለሽ አስታርቂኝ አልልሽም፤ ብትደውዪላት ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እሷ ጠይቂያት።

እማማ ጉልበቷን በሙቅ ውኃ ትሸው ብለው ይስሙሻል። ጌታነሽ እጅ ነስታለች። ልጄ መሲ፣ ለህሊና የሹራብ ክር እየፈተልኩ ነው ብላለች፤ ከሌላ በግ ነው፣ አትስጊ። ናሁሰናይን በእኔ ስም ሰላም በዪው። ጠጄ ሰላም በላት አላለችኝም፤ እኔም ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ወንድምሽ እምሩ ምንተስኖት
መሐል ሜዳ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.