የማይለቀው ጥቁረት

ቅዳሜ፣ ጥር 5 ቀን 2004

ፈግፍጌ አበላሸሁት። የሰሚራን አምባር። ሐሙስ ሠርጓ ነው፤ አምባሩ እጮኛዋ ከዱባይ ያመጣላት ነው። ወደ ሱቃችን ያመጣችው መቆለፊያው እንዲጠብቅላት ብቻ ነበር። አንጥረኛው ጋሽ ኑሪ አጥብቆ ሲጨርስ እንደ ሌላው ብር ሁሉ ከፊቴ አስቀመጠው።

እዚህ የወደብ ከተማ የባሕሩ አየር ብርን ቶሎ ያጠቁራል። ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ተቀምጬ አሥራ አምስት ዓመት ያንን ጥቁረት ሳስለቅቅ ኖሬያለሁ። ይሄኛው ግን በሎሚና በጨው እምቢ አለ። በሶዳም እምቢ አለ። እልህ ያዘኝና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ጥፍር የሚያህል ነጭ ብቅ ሲል ደስ አለኝ።

«ሐዋ፣ ጥቁሩ እኮ ጌጡ ነው» አለኝ ጋሽ ኑሪ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

አምባሩ በመጣበት ሣጥን ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ካርድ አለ፦ ብር፣ በሩተኒየም የተለበጠ። ሁለታችንም ቀድመን አላነበብነውም።

እሑድ

የሩተኒየምን ስም የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ ብዬ የሚነበብ ቁራጭ ወረቀት ሁሉ የማጠራቅምበትን ካርቶን ገለበጥኩ። የኦቾሎኒ መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ከተጣለ የትምህርት መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ። አገኘሁት።

የአቶም ቁጥሩ 44። የፕላቲነም ዘመድ። ስሙ ከሩሲያ የላቲን ስም የመጣ። ለመቅለጥ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ወርቅን የሚያሟሟው የአሲድ ድብልቅ አይነካውም። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ አሲድ ውስጥ ወርቅ እንደ ስኳር ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ አንዱ መልኩ ጥቁር ዱቄት ነው፤ በሬዲዮ ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚገቱ ቅንጣቶች ይሠሩበታል፤ ከጨው ውሃ ክሎሪን የሚያወጡ ሰሌዳዎችም ይቀቡበታል። ሌላው መልኩ ቢጫ ነው፤ ይተናል፣ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ያው አንዱ ብረት። አርሂባ ሰፈር የእህቴን ቤት የበር ማጠፊያ የባሕር ጨው በሁለት ዓመት በላው፤ ይሄ ጨው ውስጥ ቆሞ ይሠራል።

ታዲያ እኔ እንዴት ቻልኩት? አልቻልኩትም። ልብጡ ከፀጉር በብዙ የቀጠነ ስለሆነ ነው የተፋቀው።

ሰኞ

እዚህ ከተማ የሚለብጠው የለም። ዱባይ ልኮ ማስመለስ ሳምንታት ይፈጃል።

«እንዲሁ ነው የመጣው ብንላትስ?» አለ ጋሽ ኑሪ፣ ወደ መንገዱ እያየ። አምባሩን ከፊቱ አነሳሁ። ደንበኛ እንደማልዋሽ ያውቃል።

ለምሳ ቅቅል እንቁላል ስልጥ የብር ቀለበቴን አየሁ። እንቁላል ብርን ያጠቁራል፤ ደንበኞቼን የምቆጣበት ነገር ነው። መብላቴን ተውኩ።

ማክሰኞ

አስኳል ፈርፍሬ ከአምባሩ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከደንኩት። ጋሽ ኑሪ «ጥቁረቱን ዕድሜሽን ሙሉ ስታባርሪው ኖረሽ ዛሬ ግባ ትይዋለሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ከቀትር በኋላ ከፈትኩ። ነጩ ጠቁሯል። ሩተኒየሙ እንቁላሉንም ከቁብ አልቆጠረው፤ እንደነበረ ነው። ሁለቱን ጥቁር ጎን ለጎን ብዙ አየኋቸው። የእኔው ወደ ቡናማ ያደላል። ያኛው የዝናብ ደመና ይመስላል።

ረቡዕ

ሰሚራ መጣች። ጋሽ ኑሪ አፉን ሳይከፍት ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆሻሻ መስሎኝ መፈግፈጌን፣ እንቁላሉንም ሳይቀር። ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። እንባዋ መጣ። ከዚያ አሸተተችው።

«እትዬ ሐዋ፣ ሙሽራው እንቁላል እንቁላል ትሸቻለሽ ካለኝ አንቺን ነው የምጠራው» አለች።

ይለቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የእኔው ይለቃል፣ ሌላው አይለቅም፤ ከሠርጉ በኋላ ዱባይ ስትሄዱ አስለብጡት አልኳት። አጥልቃው ሄደች።

ነገ ትጨፍራለች፤ እጇ ያልበዋል። የእኔ ጥቁር እስከ ማታ መቆየቱን አላውቅም። ለሩተኒየሙ አልሰጋም።