የእህቴን ሰገራ በአራት ደቂቃ ለመረመረው ላቦራቶሪ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የላቦራቶሪ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናና ዕረፍት ይብዛልዎ እላለሁ፤ ዕረፍቱ እንኳ እንደማይጎድልዎ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ በዚሁ ሙያ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ የሰፈሩ ሰው «እትዬ ማይክሮስኮፕ» የሚለኝ ሴት ነኝ። ታናሽ እህቴ አትክልተኛ ናት። ፊቷ ነጥቶ፣ ደረጃ መውጣት አቅቷት ሦስት ጊዜ ሰገራዋን ይዛ ወደ እርስዎ መጣች፤ ሦስት ጊዜም ምንም ትል እንደሌለባት የሚገልጽ ወረቀት ሰጣችኋት። ሐኪሙም ወረቀትዎን አምኖ «ሐሳብ አታብዢ» ብሎ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘላት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ፍጥነትዎ። ሦስተኛው ቀን አብሬያት መጥቼ ነበር፤ ናሙናውን በመስኮት ተቀብለው በአራት ደቂቃ ውጤቱን ሰጡን። እኔ ስላይዱን አዘጋጅቼ ከዳር እስከ ዳር እስካየው ድረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ ለካ ዕድሜዬን በከንቱ ጨርሻለሁ።

2. ስለ ንብረት አያያዝዎ። አጮልቄ ሳይ ማይክሮስኮፑ ሽፋኑን እንደለበሰ፣ በላዩም ወረቀት እንደተቆለለበት ነበር። ሶኬቱን የያዘው የእርስዎ ስልክ ቻርጀር ነው።

3. የእህቴን ናሙና ክዳን እንዳይፈስ ብዬ ዙሪያውን በነጭ ፕላስተር ያሸግሁት እኔ ነኝ። ዕቃውን ፕላስተሩ ሳይነቀል ቆሻሻ ባልዲዎ ውስጥ አየሁት። እዚህ ላይ ምስጋና አልመጣልኝም።

በሳምንቱ እህቴ ሥራ ቦታዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ትልቁ ሆስፒታል ደም ሰጥቶ አተረፋት፤ ሰገራዋም ሲታይ የመንጠቆ ትል እንቁላል ሞልቶበት ተገኘ። እርስዎ የለም ያሉት ትል ደሟን ሲመጥ ከርሟል። ሐኪሞቹ ጥቂት ቀን ብትቆይ ኖሮ አንደርስላትም ነበር ብለውኛል።

4. ይህን ውለታ ሳልመልስ መሞት አልፈልግም። ስለዚህ ፈቃድ አውጥቼ ከበርዎ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ይዣለሁ። እርስዎ ደህና ናችሁ ብለው የሸኟቸውን ሰዎች መልሼ እመረምራለሁ፤ ራሳቸውም አጎንብሰው እንዲያዩ አደርጋለሁ። አንድ አናጢ የራሱን ጉድ አይቶ «ይሄን ሁሉ አሸክሞ ነው እንዴ ቤቴ የሰደደኝ?» ብሎ እስካሁን ይሳደባል። ባለፈው ሳምንት ከመጡት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሥራ አንዱ ትል ተገኝቶባቸዋል። ስማቸውን ሸፍኜ፣ የእርስዎንና የእኔን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አስገብቻለሁ። በሚቀጥለው ሰኞ እንግዶች ይመጡልዎታልና እባክዎን ቻርጀሩን ይንቀሉላቸው።

ከላቀ የሙያ አክብሮት ጋር፣ ከመስኮትዎ ማዶ ሆና ቀን በቀን የምታይዎት

እትዬ ማይክሮስኮፕ

ማስታወሻ፦ ትናንት ጠዋት ወላጅ እናትዎ ናሙናቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ። ልጅዎ እዚህ ማዶ እያለ ለምን ወደ እኔ መጡ ብላቸው «ልጄን እወደዋለሁ፤ ይሄን ግን አንቺው እይልኝ» አሉኝ። ውጤታቸውን ለማንም አልናገርም፤ መምጣታቸውን ግን እንድጽፍልዎ ራሳቸው አዘውኛል።